«አረፈ» አትበሏት

የተከበሩ አባታችን፣ በየመኪናችሁ አጠገብ ተራርቃችሁ የቆማችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ከሥራ ቦታችን የመጣችሁ ባልደረቦቼ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ራሄል፣ አንቺንም ያጽናሽ ማለት ነበረብኝ። ባሏን አፈር ልታለብስ ለቆመች ሴት ይህን ማለት አፌ ላይ ከበደኝ። ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ለማታውቁኝ፣ አመለወርቅ እባላለሁ። እዚሁ ላስ ቬጋስ ከሕዝቅኤል ጋር አንድ ካዚኖ ውስጥ ለዓመታት አብረን ሠርተናል። እሱ የቁማር ማሽን ሲበላሽ የሚጠሩት ሰው ነበር፣ እኔ መጠጥ አመላልሳለሁ። ማስኬን አላወልቅም፣ ስለዚህ እጮሃለሁ። ነፋሱ ድምፄን ከወሰደው እጃችሁን አውጡ፣ እደግመዋለሁ።

ቀብር ላይ ደግ ደጉ ይነገራል። እኔም እናገራለሁ፣ የሚነገር ሞልቶታል። ግን ተቆጥቼ ነው የመጣሁት። በምን እንደተቆጣሁ አሁን አልነግራችሁም፤ እሱን መጀመሪያ ላስታውሳችሁ።

ሕዝቅኤል ማን ነበር? አዳማ ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ዲቪ ደረሰውና ከራሄል ጋር መጣ። የተማርኩትን ሁሉ እዚህ ማሽን መሀል ስሮጥ ረሳሁት ይል ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልረሳም። የድሮ የእንግሊዝ ተረቶች ከጭንቅላቱ አልወጡም። ብሬክ ላይ ምሳውን ማይክሮዌቭ ውስጥ ከትቶ ተረት ይጀምርልናል። ምግቡ ሞቆ፣ መልሶ ቀዝቅዞ፣ እሱ ገና እያወራ ነው። «ኧረ ሕዝቅኤል፣ ብላ እንጂ» እለዋለሁ። ሊያልቅ ነው ይለኛል። አያልቅም። ሺፍታችን ይጀምራል፣ እሱ ሳይበላ ይነሳል።

ከዚያ ባለፈው መጋቢት በኮሮና ምክንያት ካዚኖው ተዘጋ። ታስታውሳላችሁ? ተዘግቶ ስለማያውቅ በሩ ቁልፍ እንኳን አልነበረውም፣ ሰንሰለት አምጥተው ነው ያሰሩት። ሁላችንም ከሥራ ሌይኦፍ ሆነን፣ ከልጆቻችን ጋር ቤት ውስጥ ተፋጥጠን ቀረን። በዚያ ሰሞን ደወለልኝ።

ኮንፈረንስ ኮል፣ ሰው ሁሉ በስልክ አንድ መስመር ላይ የሚገባበትን፣ ማዘጋጀት ትችያለሽ ወይ አለኝ። ለምን ስለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቹ በአማርኛ ተረት ልናገር ነው አለ። የማንን ተረት አልኩት። የእንግሊዝን አለኝ።

«ምን ነካህ? የኛ አልቆ ነው?» ብዬ ሳቅሁበት።

የእኛን እናቶቻቸው ይንገሯቸው፣ እኔ አሳምሬ የማውቀው ይኼን ነው አለኝ። ደግሞ፣ እንግሊዝ ሲባል ሁሉም ቤተ መንግሥት የተወለደ ይመስልሻል ወይ አለኝ። እነዚህን ተረቶች ያወጣቸው ጭቃ ላይ የተኛ፣ የተራበ፣ ልጁ የሞተችበት ገበሬ ነው አለኝ። የኛ ልጆች እንግሊዝኛውን በጎን ሰምተውታል፣ በአማርኛ ሲመጣ ግማሹን ቀድመው ያውቁታል፣ ግማሹን ደግሞ ሳያውቁት ይማሩታል አለኝ። ዕቅዱ ይህ ነበር።

የኔ ሥራ ሚዩት ማድረግ፣ የየቤቱን ድምፅ መዝጋት ነበር። እንዴት ያለ ሥራ መሰላችሁ! የአንዱ ቤት ብሌንደር ይጮሃል፣ የአንዱ ውሻ፣ አንዷ እናት ማይኩ ክፍት መሆኑን ረስታ ስለ ባሏ ለእህቷ ትነግራለች። ሁሉንም ዘጋሁላችሁ። ሕዝቅኤል «ተረት ተረት» አለ። ጸጥ። እንደገና «ተረት ተረት» አለ። ጸጥ። ልጆቹን ከፈት አድርጊያቸው እንጂ ብሎ ጮኸብኝ። ስከፍታቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ «የላም በረት» አሉ፣ ጆሮዬ ሊፈነዳ። ወዲያው አንዱ ልጅ እናቱን ላም በረት ምንድነው ብሎ ሲጠይቅ ሰማን። እሷዬም ሳታስብ አዲስ አበባ ያለ መናኸሪያ ነው አለችው። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ተረት የሚጀመረው አውቶቡስ ላይ ተሳፍሮ ነው ብለው አመኑ። ሕዝቅኤል ምን አደረገ? አላረማቸውም። ሁልጊዜ «ተሳፈራችሁ?» ብሎ ይጀምር ነበር።

እናንተ እናቶች፣ ስለዚያ ቤት ስለሚያጸዳው ጸጉራም ፍጡር የተናገረውን አልረሳችሁትም። በሰሜን እንግሊዝ የድሮ ገበሬ ቤት የሚኖር፣ ሰው ሳያየው የሚጠርግ፣ የሚያጥብ፣ ደመወዝ የማይጠይቅ። ራቁቱን ስለሆነ ያዘኑለት ሰዎች ልብስ የሰጡት ዕለት ተቀይሞ ይሄዳል። ሕዝቅኤል ይህን አምጥቶ ስትሪፕ፣ የካዚኖዎቹ ጎዳና ላይ ያለ ሆቴል ውስጥ አስገባው። ክፍል የምታጸዳ አንዲት ሐበሻ እናት አለች፣ ወገቧ አልቋል። ያ ፍጡር አልጋ ያነጥፍላታል፣ መታጠቢያ ቤቱን ያጥብላታል። ሱፐርቫይዘሩ ደረሰበት። ዩኒፎርምና ባጅ ሰጠው። ያን ቀን ጠፋ። እኔ ደግሞ ያኔ ሚዩት ማድረግ ረስቼ ነበር። አንዷ እናት ከግሪን ቫሊ ሰፈር፣ «ሕዝቅኤል፣ እባክህ እኔ ጋ ላከው፣ ራቁቱን ይሁን ግድ የለኝም» አለች። ያ ሁሉ ሥራ የፈታ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፣ ከተዘጋብን ወዲህ።

ጋሼ ገብረጻድቅ እዚህ ቆመዋል። አይቆጡኝም። ጋሼ ከብዙዎቻችን በፊት በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ ስንቱን አዲስ መጪ ከኤርፖርት ተቀብለው ሥራ ያስገቡ ሰው ናቸው። የፈረንጅ ጋኔን በልጆቻችን ጆሮ ምን ያደርጋል ብለው ደወሉለት። አልተከራከራቸውም። ቅዳሜ ገብተው ይስሙት፣ ካልወደዱት አቆማለሁ አላቸው። ገቡ። ከዚያ በኋላ ከልጆቹ ሁሉ ቀድመው መስመሩ ላይ የሚገኙት ጋሼ ሆኑ። ውሸት ነው ጋሼ? አይደለም።

ወጣት ወላጆች ደግሞ በሌላ በኩል መጡበት። ልጆች ናቸው፣ ትራውማ ይሆንባቸዋል፣ ማንም አይሙት፣ መጨረሻውን አሳምርላቸው አሉት። እዚህ ላይ ግን ደረቅ ነበር፣ በጣም ደረቅ። «ቤቱን እቀይራለሁ፣ ሥራውን እቀይራለሁ። ሞቱን አልቀይርም» አላቸው። የተራበው ገበሬ ለልጁ ሳይዋሽ የነገረውን እኔ ጠግቤ ልዋሽ ወይ አለ። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተቀይሞ ቀረ። እሱ ግን ከአቋሙ አልተመለሰም።

አሁን ስለ ድመቶቹ ተረት ልናገር። እዚህ ያቆመኝ እሱ ነው።

አንድ መቃብር ቆፋሪ ነበረ ብሎ ጀመረ። ልጆቹ አልገባቸውም። በእንግሊዝኛ፣ ግሬቭያርድ ውስጥ የሚሠራ ሲላቸው፣ ሮሐ የምትባል ልጅ «እንደ አባቴ!» አለች። አባቷ ካዚኖ ጽዳት ነው የሚሠራው፣ የሌሊቱን ሺፍት። ያንን ሺፍት ግሬቭያርድ እንደምንለው ታውቃላችሁ። ሕዝቅኤል ሳቅ አለና ልክ ነሽ፣ እንደ አባትሽ አላት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መቃብር ቆፋሪው የካዚኖ ጽዳት ሆኖ ቀረ።

ሰውየው ሲነጋጋ ከሥራ ወጥቶ ወደ ፓርኪንግ ሲሄድ የድመቶች ሰልፍ አየ። ትንሽ የሬሳ ሣጥን ተሸክመዋል፣ ላዩ ላይ ዘውድ አለ። አንዱ ድመት ቀረብ አለና፣ ቤትህ ስትገባ ለድመትህ ንጉሣችን አረፈ ብለህ ንገርልን አለው። ሰውየው ገብቶ ለሚስቱ ያየውን ሲነግር ሶፋው ላይ የተኛው ድመት ሰማ። ብድግ አለ። እንግዲህ የመንገሥ ተራው የኔ ነው አለና በመስኮት ወጥቶ በዚያው ቀረ።

ትልልቆቹ ተንጫጩ። ጋሼ ገብረጻድቅ፣ መርዶ እንዲህ በቁሙ ይነገራል እንዴ፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ቢያንስ የጎረቤት ድመቶች መጠራት ነበረባቸው አሉ። ባልደረባችን ባዘዘው ደግሞ፣ እህል እንኳ ሳይቀምስ አለ። አንዷ፣ ሚስትየዋ ምነው አልያዘችውም አለች። ስለ አንድ ድመት መርዶ አነጋገር እንዲያ ተከራከርን። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

ከዚያ መሀል ፍራኦል፣ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጠየቀ።

«ንጉሡ አረፈ። ኦኬ። ከዛ ሲነሳስ? ድመቱ ቦታውን ይመልስለታል?»

ከየት ሲነሳ አለው ሕዝቅኤል።

«ካረፈበት።»

ገባችሁ? እነዚህ ልጆች «አረፈ» የሚለውን ቃል ከየት ሰሙት? ከእኛ። ዳብል ሺፍት ሠርተን መጥተን ሶፋ ላይ ስንወድቅ፣ ተዉኝ ልረፍበት ስንላቸው ነው የሰሙት። ለእነሱ ያረፈ ሰው ይነሳል። ተነስቶም እራት ይሠራል።

ያን ቀን ሕዝቅኤል ተረቱን እንደ ነገሩ ዘጋው። በኋላ ደውሎልኝ ተጨንቆ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ተረት ደገመው፣ አሁን ንጉሡ «ሞተ» አለ። ከዚያ ወዲያ ያችን ቃል ለልጅ አልተናገራትም። ግን ልብ በሉልኝ፣ ቃሏን ጣላት እንጂ ምን ማለት እንደሆነች አልነገራቸውም። ምን ያውቃል? እሱ ከተዋት ሁላችንም የምንተዋት መስሎት ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ታመመ። ወደ ሥራ ከተመለስን ብዙ አልቆየንም ነበር። መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ልጁ ሐሴት፣ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ትራስ ጣል አድርጋ በሩ ሥር ተቀመጠች። በበሩ ውስጥ ተረት ይነግራታል። ምግብ ስትወስድለት ሕግ ነበራቸው፤ ሳህኑን ታስቀምጣለች፣ ታንኳኳለች፣ ዞር ትላለች። እሱ ከፍቶ ይወስዳል። ቀስ በቀስ ሳሉ ተረቱን እየቆረጠው መጣ። ጀምሮ የማይጨርሰው በዛ። ከዚያ ራሄል ልጅቷን ሰዘርን ሃይላንድስ የሚባለው ሰፈር እህቷ ጋ ላከቻት። አምቡላንስ የመጣው እሷ በሌለችበት ነው። ሆስፒታል መግባቱን ማንም አልነገራትም። አባትሽ ክፍሉ ውስጥ ነው፣ አሞታል ተባለች።

ሕዝቅኤል ሆስፒታል ሞተ። ራሄል የተሰናበተችው በታብሌት ነው። ነርሷ ይዛላት።

ከዚያ መከርን። መርዶው ይደበቅ ተባለ። ቀብሩ ይለፍ፣ ሰው የሚሰበሰብበት ቀን ይምጣ፣ ያኔ ተይዛ ትነገራለች ተባለ። ልጅቷ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የመኝታ ቤቱ በር እንደተዘጋ ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ልቅሶው ራሱ ይነግራት ነበር። ቤቱ በሰው ይሞላ፣ ነጠላ ይዘቀዘቅ፣ እናቷን ሴቶች ደግፈው ያስለቅሷት ነበር። አሁን ማን መጣ? ማንም። በር ላይ ምግብ አስቀምጠን፣ ደውለን፣ ከመኪና ሳንወርድ ሄድን። ራሄል ማልቀስ ሲያምራት ጋራዥ ትወርድና መኪናዋ ውስጥ ገብታ መስኮቱን ዘግታ ታለቅሳለች።

ስልክ ግን አላቋረጥንም። የራሄል ስልክ ስፒከር ላይ ነው። ምን አልን? ሁላችንም አንድ ነገር አልን። አረፈ። ሕዝቅኤል አረፈ። መቼ አረፈ? እንዴት አረፈ? ልጅቷ ሰማች። አላለቀሰችም። ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጠፋች። ጫማዋን አውልቃ በካልሲ መሄድ ጀመረች። ስደውል በሹክሹክታ ነው የምታናግረኝ። እኛም ተደነቅን። እንዴት ያለች ጨዋ፣ እንዴት ያለች ጠንካራ ልጅ፣ ገብቷታል፣ ለእናቷ ብላ ነው የቻለችው ተባባልን።

ዛሬ ጠዋት ራሄልን ወደዚህ ያመጣኋት እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ አንድ ነገር ነገረችኝ። ራሄል፣ ልናገረው? … አንገቷን በእሺታ ነቀነቀች። አይታችኋል።

ጠዋት ለቀብር ለብሳ ከክፍሏ ስትወጣ፣ ኮሪደሩ ላይ የተዘጋው በር ሥር ሳህን አገኘች። የተጠበሰ እንቁላልና ዳቦ። ቀዝቅዟል። ሐሴት አጠገቡ ቆማለች።

«ማሚ፣ አንኳኳሁ። ዳዲ በጣም ብዙ አረፈ። አይርበውም?»

ወገኖቼ፣ እሱ እዚህ ሣጥን ውስጥ ነው፣ ልጁ እዚያ እንዳይነቃ ብላ በካልሲ ትሄዳለች። ያ ጨዋነት፣ ያ ጥንካሬ ያልነው ይኼ ነው። የተቆጣሁት በዚህ ነው።

ጋሼ፣ እኔ ባህላችንን አልንቅም። መርዶ መደበቅ ጭካኔ አይደለም፣ አውቃለሁ። እርስዎ ሱዳን በረሃ ላይ ሆነው የእናትዎን ሞት ስንት ዓመት ደብቀውብዎት፣ በመጨረሻ ሃያ ሰው ይዞዎት እንደሰሙት ነግረውኛል። ሃያ ሰው ስለያዘኝ ነው የተረፍኩት ብለውኛል። እኛ የምንደብቀው የሚይዝ ሰው እስኪሰበሰብ ነው። የሚሰበሰበው መቼ ነው? በዚህ በሽታ ማን ማንን ይይዛል? እኔ አሁን ራሄልን ማቀፍ አልችልም። እነሆ ሁለት ክንድ ርቃ ቆማለች። ቀኑ አይመጣም፣ ጋሼ። እኛ ስንጠብቅ ልጅቷ ምሳ ትሠራለች፣ እራት ትሠራለች፣ ታንኳኳለች።

አባታችን፣ እርስዎ ነፍሱን ያሳርፍልን ብለዋል። አሜን ብያለሁ፣ አሁንም አሜን እላለሁ። በእግዚአብሔር ፊት ቃሉ ትክክል ነው። ለልጅቷ ግን «አረፈ» አትበሏት። እለምናችኋለሁ፣ ማናችሁም። አሸለበ አትበሏት፣ ተለየን አትበሏት፣ ሄደ አትበሏት። የሄደ ይመጣል። አንድ ቃል ነው ያለን፣ እሱም አፍ ያቃጥላል፣ ይቃጠል።

ጋሼ ገብረጻድቅ አንገታቸውን ደፍተዋል። እሺ ማለታቸው ይሁን፣ አዝነውብኝ ይሁን አላውቅም። ይቅር ይበሉኝ። ግን ራሄል ወስናለች፣ እናት ናት። ከዚህ ቀጥታ ወደ ቤቷ እንሄዳለን። ያን በር እንከፍተዋለን። ሐሴት ትገባለች፣ አልጋው ባዶ መሆኑን ታያለች። እናቷ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ትነግራታለች። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ። የምትችሉ ተከተሉን፣ መኪናችሁን ደጃፉ ላይ ፓርክ አድርጉና መስኮት ከፍታችሁ አልቅሱ። እንዲሰማት። የምንይዛት በዚያ ብቻ ነው።

ይረዳታል ወይ ብትሉኝ፣ አላውቅም። የማጽናኛ ቃል ፈልጌ ነበር፣ አጣሁ። ቅዳሜ ማን ተረት ይናገር ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ባለፈው ቅዳሜ መስመሩን ከፍቼ ነበር። ልጆቹ ገብተው ሲተነፍሱ ሰማሁ፣ መልሼ ዘጋሁት። እኔ አልችልም። ከእናንተም የሚችል ያለ አይመስለኝም። ብዙ ነገር ከሕዝቅኤል ጋር ዛሬ እዚህ ይቀበራል፣ እውነቱን ለመናገር።

ሕዝቅኤል። ወንድሜ። ምሳህን ሳትበላ የምትነሳ ሰው። የስንቱን አገር ሞት ሳትቀይር የተናገርክ፣ የአንተን ግን ቀይረን ነገርንብህ። እንባችንን ደብቀን፣ ስምህን በሹክሹክታ ጠርተን፣ ልጅህን በር ላይ አቁመን። በቃ። አሁን ተመልሰን ሄደን ያንተን ሞት እንዳለ እንነግራታለን። ትጮኻለች። ትጩህ።

ደህና ሁን። ከዛሬ ጀምሮ ልጅህ አትጠብቅህም።